አራቱ ቀዳዳዎች

ብሪዮኒ በክሪክ ከተነሳችው ባለ ሁለት ወንበር መኪና ሥር በጀርባዋ ተኝታ አራተኛውን ቡሎን ታጠብቃለች። ከበላይዋ ያለውን የተጎታች መጎተቻ አያቷ ከአሮጌ የማረሻ ብረት ቆረጡላት፤ የበየደችው ግን እሷ ናት።

«ቀዳዳዎቹ ገጠሙ?» አሉ አያቷ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ።

«ልክክ ብለዋል፣ አባባ።»

«ያቺ ሴትዮ ስትበሳ እንዲህ ነበረች። እኔ ሜትር ስፈልግ እሷ ጨርሳ ሻይ ታፈላለች።»

የመኪናዋ ሻሲ ላይ አራቱን ቀዳዳዎች የበሱት ሴት አያቷ እማማ ኤልስፐት ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። በየበጋው ይህችን መኪና ወደ ኋላ እየነዱ፣ የኋላ ጎማዎቿ ባሕር ውስጥ እስኪነከሩ ድረስ ያስጠጉና ትንሿን የሸራ ጀልባ ከተጎታቹ ላይ ያንሳፍፏት ነበር። ከሆባርት ከተማ የመጡ እንግዶች ሳይቀሩ «መኪና ናት ዳክዬ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ትንሿ ብሪዮኒ ከጎናቸው ተቀምጣ ማዕበሉ ከእግሯ ሥር ሲያንሿሿ ትሰማ ነበር። እማማ ካረፉ ወዲህ የጀልባዋ ሸራ ተዘርግቶ አያውቅም። ነገ በመንደሩ የሸራ ጀልባ ውድድር የምትነዳት ብሪዮኒ ናት።

ቡሎኑን አንድ ዙር ጨመረችበት። መጥበቅ ሲገባው ላላ። በቡሎኑ ዙሪያ ያለውን ሻሲ በመዶሻ እጀታ መታ መታ ስታደርገው እንደ እርጥብ ካርቶን ዱፍ አለ። በጥፍሯ ፋቀችው፤ ከቀለሙ ሥር ቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ቀይ የዝገት ዱቄት ወጣ።

ዝም ብትል ማንም አያይም። እስከ ባሕሩ መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ቁልቁለት ነው።

«ምነው ጸጥ አልሽ? እንቅልፍ ወሰደሽ እንዴ?»

«አባባ፣ ቀዳዳዎቹ ዙሪያቸው ተበልቷል። ስቱኮ የቀባው ማነው?»

«እኔ ነኝ። እሷ ታማ ተኝታ፣ መኪናሽም ታማለች ልበላት?»

«ወደ ፊት በኩል ሻሲው ደህና ነው። እዚያ አዲስ ብንበሳ…»

«ለነገ አይደርስማ።»

«አይደርስም።»

«ቀስ ብለን ብንነዳስ? እሷ እንኳ ስንቴ በዚሁ…»

«እሳቸው ሲነዱ ብረት ነበረ፣ አባባ።»

መልስ ሳትጠብቅ የቡሎን መፍቻውን ወደ ግራ አዞረች። አያቷ እያቃሰቱ ከርጩማው ወረዱና ካርቶን አንጥፈው አጠገቧ ተኙ። መጎተቻው ሲወርድ ጣታቸውን ወደ አንዱ ቀዳዳ አስገብተው ዞር ዞር አደረጉት። ዝገቱ ግንባራቸው ላይ ረገፈ።

«ጎበዝ በሺ ነበረች» አሉ በመጨረሻ።

«ነበሩ።»

ብሪዮኒ አራቱን ቡሎኖች በጨርቅ ጠርጋ ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ጨመረቻቸው፤ ክዳኑን ገጥማ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።