የሒክማ አቬሬጅ

ሒክማ ቤዝቦል የሚባለውን፣ የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ የተዋወቀችው ለደመወዝ ብላ ነው። ደሴ ያደገች፣ በዲቪ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከገባች ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ እንኳን ጨዋታውን ስሙንም ከአጎቷ ከጋሽ ዘይኑ ታክሲ ሬዲዮ በቀር ከየትም ሰምታው አታውቅም ነበር። ኩባንያው የፈለጋትም ለዚሁ አላዋቂነቷ ነው። ሰው ባለማወቁ ደመወዝ የሚያገኝበት አገር እንዳለ ደሴ ሆና ቢነግሯት በሳቅ ትሞት ነበር።

ኩባንያው ሳን ሆዜ ውስጥ የቤዝቦል ቪዲዮ ጌም ይሠራል። ጊዜው በፈረንጆቹ የ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ጌሙ እውነተኛውን ጨዋታ ካልመሰለ ገዢ የሚያኮርፍበት ዘመን ነው። በእውነተኛው ሜዳ አሥር ጊዜ ቆሞ ሦስቴ የመታ ሰው ጀግና ይባላል፤ ከሺህ እያሰቡ «ሦስት መቶ መታ» ይሉታል። በጌሙ ውስጥ ግን ጎበዙም ደካማውም እኩል አራት መቶ ከመታ፣ ገዢው ስልክ አንስቶ ይሳደባል። ስለዚህ የእያንዳንዱ መቺ ቁጥር፣ እነሱ አቬሬጅ የሚሉት፣ እንደ ሰውየው ልክ መውጣት አለበት።

ለሒክማ በስሟ አንዲት መቺ ፈጠሩላት፤ የኦክላንድ ቡድን ውስጥ ከተቷትና መቆጣጠሪያውን እጇ ላይ አስቀመጡት። ምንም የማያውቅ ጀማሪ ስንት ይመታል? ይህን ለማወቅ እሷ ቀኑን ሙሉ ትጫወታለች፣ ማሽኑ ይቆጥራል።

የሚቆጠር ግን እምብዛም አልተገኘም። አንዴ ኳሱ ሳይደርስ ትሰነዝራለች፤ አንዴ ካለፈ በኋላ። አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና «ኤዲያ! ምን ዓይነት እርግማን ነው!» ብላ በአማርኛ ጮኸች።

ጠረጴዛዋን ከጎረቤቷ ከሚለየው መጋረጃ ማዶ የአንድ ቀጭን ሰው ራስ ብቅ አለ።

«አትቸኩዪ» አለ። «ኳሱን አታሳድጂው፤ ራሱ ይመጣልሻል።»

ሒክማ አፏን ከፍታ አየችው። «አበሻ ነህ እንዴ?»

«ሰርፀ እባላለሁ። ሥራ ስትጀምሪ አይቼሻለሁ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ዘጋህ? እኔ እዚህ አፌ ሊሻግት ነው እኮ!»

ሰርፀ ራሱን መልሶ ደበቀ። ሒክማም መልሱን ስትጠብቅ የቀጣዩን ኳስ አሳለፈችው።

ሰርፀ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ካምቤል ውስጥ በተከራያት አንዲት ክፍል ለብቻው ይኖራል። ሥራው ኮምፒዩተሩን ከራሱ ጋር ማጫወት ነው። የዓመቱ ውድድር በአንድ ምሳ ሰዓት ያልቃል፤ እሱ የየመቺውን ቁጥር ከእውነተኛው ሰውዬ የአምና ቁጥር ጋር ያስተያያል። የማይገባውን ያህል የሚመታውን ሰው ጉልበት ትንሽ ቀነስ አድርጎ ጨዋታውን ያስደግመዋል። ሰውን ሁሉ በልክ በልኩ ሲያስገባ ውሎ ክፍሉ ሲገባ፣ «እንዴት ዋልክ» የሚለው አንድ ሰው የለም።

የሒክማም ከዚህ አይሻልም። ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ሐይቅ አጠገብ ከጋሽ ዘይኑና ከሚስታቸው ከዓፊፋ ጋር ትኖራለች ይባል እንጂ፣ በዚያ ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ጠዋት ባርት በሚሉት ባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሳን ሆዜ፤ ስትመለስም እንደዚያው። በዚያ ሁሉ መንገድ አፏ የሚከፈተው ለማዛጋት ብቻ ነበር።

ጋሽ ዘይኑ ደግሞ የወደፊቷን ነገር ቀድመው ጨርሰውታል። «ስሚ ሒክሚ፣ ኮንትራክትሽ ካልታደሰ ኮንኮርድ ትሄጃለሽ። የዓፊፋ እህት ለሱቋ ሰው ትፈልጋለች። ኢሊያስም እዚያው ነው፤ ለትዳር ጥሩ ልጅ ነው።» ሒክማ ኢሊያስን አንዴ አይታዋለች። እውነትም ጥሩ ልጅ ነው፤ ከዚያ ሌላ የሚባልለት ነገር አላገኘችም። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በዚህ አገር፣ በራሷ እጅ፣ እዚሁ መቆየት።

አንድ ሰኞ ከመታጠቢያ ቤት ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ ሰርፀ አያት። ምን ሆንሽ አላላትም። ሊላት ተነሥቶ ነበር፤ ግን ተመልሶ ተቀመጠ።

በማግስቱ የሒክማ መቺ ሰው ሆነች። ኳሱን ነካችው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መታችው። በሳምንቱ ኳሱ ከፍ፣ ከፍ ብሎ ከሜዳው ወጣ፤ በዚህ ጨዋታ ከዚያ የሚበልጥ ምት የለም።

«ወጣች! ሰርፀ፣ ና እያት! ከሜዳው ወጣች!»

ሰርፀ መጥቶ ከወንበሯ ጀርባ ቆመ። የሚያየው ግን ስክሪኑን አልነበረም። ሒክማ ድንገት ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ሁለቱም እኩል አቀረቀሩ።

ረመዳን ገብቶ ነበር። በምሳ ሰዓት ሕንፃው ጀርባ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እሷ ጾመኛ፣ እሱ ደግሞ ሳንድዊቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።

«ብላ እንጂ! አንተን ማን ጹም አለህ?»

«አልራበኝም።»

ሆዱ በዚያው ቅጽበት አጉረመረመ። ሒክማ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ክርስቲያን መሆንህን አጎቴ ያውቃል» አለች ቆይታ፣ መሬት መሬት እያየች። «ስላንተ አብዝቼ ሳላወራ አልቀረሁም።»

«ምን አሉ?»

«አያቴም ከክርስቲያን ቤት ነው የመጣችው። ወሎ ነው እኮ! አጎቴ፣ ክርስቲያንነቱ ሳይሆን ዝምታው ነው የሚያስፈራው አለ።»

ሰርፀ ፈገግ አለ። እሷ ግን ወዲያው ኮስተር አለች።

«ንገረኝ፣ እውነት ጎበዝ ሆኛለሁ?»

«ደስ ይልሻል?»

«ኦፍ ኮርስ! አሜሪካ ከመጣሁ እጄ በትክክል የሠራው ነገር እሱ ብቻ ነው። ለእናቴ ሳይቀር ኮል አድርጌ ነገርኳት። አልገባትም፤ ግን እልል አለች።»

የሒክማን መቺ ጉልበት ከፍ ያደረገው ሰርፀ ራሱ ነበር፤ በዚያች ባለቀሰችበት ሰኞ፣ ከራሱ ማሽን ገብቶ። ቁጥሯን ከማስተካከል በቀር ሰው ማጽናኛ ሌላ መንገድ አያውቅም ነበር። አሁን መናገር ነበረበት። ፊቷን አየና ደስታዋን ሊያጠፋው አልቻለም።

ነገሩ የወጣው በመሐንዲሶቹ በኩል ነው። የሒክማን ቁጥር አይተው «ጀማሪ አራት መቶ ከመታ ጌሙ ቀልሏል ማለት ነው» አሉና የጀማሪዎችን ኳስ አፈጠኑት። ከዚያ ሌሎች ጀማሪዎች ጠርተው ቢያስሞክሩ አንድም ሰው ኳሷን መንካት አልቻለም። የስንት ሳምንት ሥራ ተበላሸ። ፋይሉ ሲመረመር የሒክማ መቺ ጉልበት በሰው እጅ መነካቱ ታወቀ። ሱፐርቫይዘሩ ሒክማን በሰው ሁሉ ፊት አቆማት።

«ቁጥርሽን የነካሽው አንቺ ነሽ?»

ሒክማ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋት። ኮንኮርድ፣ ሱቁ፣ ኢሊያስ በዓይኗ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለ ሰርፀ ከመጋረጃው ማዶ ተነሥቶ። «እሷ የምታውቀው ነገር የለም።»

በዚያኑ ቀን ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። የሒክማ ኮንትራክት ታደሰ፤ ቆጠራው እንደገና ከባዶ መጀመር ነበረበትና። በር ላይ ግን ደረሰችበት።

«አስተካክልልኝ አልኩህ?»

«ስታለቅሺ አየሁ።»

«ብታይስ! አጠገቤ መጥተህ መቀመጥ ያቅትሃል? ያቺ ከሜዳ የወጣች ኳስ… የኔ አልነበረችም እኮ፣ ሰርፀ። አንተ ነህ የመታሃት።»

ሰርፀ ካርቶኑን ወደ ደረቱ አስጠጋ። እሷም ጀርባዋን ሰጥታው ገባች፤ ከሰዓቱን ሙሉ ኳሶቹ በፊቷ ሲያልፉ ምንም አልሰነዘረችም።

ኢድ አለፈ። ከመጋረጃው ማዶ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ማስቲካ ያኝካል። ሒክማ ኳስ በሳተች ቁጥር በአማርኛ ትራገማለች፤ ብቅ የሚል ራስ ግን የለም። ንዴቷ ሲበርድ ከሥሩ ናፍቆት ተቀምጦ አገኘችው። የስልክ ቁጥሩን እንኳ ተቀብላው አታውቅም ነበር።

በየካቲት፣ ዝናብ በሚያካፋበት አንድ ከሰዓት፣ ፍሪሞንት ላይ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሰርፀ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ አየችው። ጃኬቱ ርሶ ትከሻው ላይ ተጣብቋል፤ ቆይቷል ማለት ነው።

«ሲያትል ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። «ነገ ልሄድ ነው።»

ሒክማ የጠየቀችው ግን ሌላ ነገር ነው።

«እውነተኛው ቁጥሬ ስንት ነበር?»

ሰርፀ አመነታ። «መቶ አሥር።»

«መጥፎ ነው?»

«ካየኋቸው ሁሉ የመጨረሻው ነው። ሲሪየስሊ።»

ሒክማ ሳቀች፤ ከዚያች የበር ላይ ጠብ ወዲህ ገና አሁን መሳቋ ነው። «እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ ምናለበት!»

«ሁለተኛ አይለምደኝም። ከእንግዲህ አንቺ የሰጠሽኝን፣ ቁጥርም ሆነ ቃል፣ እንዳለ ነው የምወስደው። አልጨምርበትም፣ አልቀንስበትም።»

«ማል!»

«ወላሂ» አለ፣ ክርስቲያኑ። ከዚያም እስከ ዛሬ ያጠራቀመውን ድፍረት ሁሉ በአንዴ አወጣው። «ሒክማ፣ እወድሻለሁ። ቅር ካልሽኝ እቀራለሁ። ልቅር?»

እኛ ሰው ቤት ሄደን «ብሉ» ስንባል፣ ሆዳችን እየጮኸ «በልተን ነው የመጣነው» እንላለን። ባለቤቱ «በሞቴ» ይላል፤ እኛ «አይ» እንላለን። «አፈር ስሆን» ሲል ነው እጃችንን የምንታጠበው። ሒክማም በእሷ ምክንያት እንጀራው የተቋረጠን ሰው፣ አሁን ያገኘውንም አስጥላ «ቅርልኝ» ማለት አሳፈራት። ልቧ ቅር ቅር እያለ አፏ ወጉን ያዘ።

«አይ፣ ሂድ» አለች። «ሥራህ ነው። ሂድ።»

አንዲት «በሞቴ» ጠበቀች። አንዲት ብቻ። ሁለተኛውን «አይ» እንደማትለው ለራሷ ወስናለች።

ሰርፀ ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ «እሺ» አለ፤ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ለቀቃትና ወደ አውቶቡሱ ሄደ። በሩ ላይ ይመለሳል አለች። ከተቀመጠ በኋላም ይወርዳል አለች። አውቶቡሱ ታጠፈና ከዓይኗ ተሰወረ።

ቤት ስትገባ ጋሽ ዘይኑ፣ ለወትሮው የማይገኙት ሰውዬ፣ እራት ላይ ነበሩ።

«ያ ዝምተኛው ልጅስ?» አሏት።

«ሄደ፤ ነገ ሲያትል ይገባል። ሂድ አልኩት።»

ጋሽ ዘይኑ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «አንቺ ሂድ ስላልሽው ሄደ? ሂድ ሲሉት የሚሄድ ምን ዓይነት አበሻ ነው!»

«ቃሉን የሚጠብቅ» አለች ሒክማ፤ እንባዋም መጣ።