በጄሶው ላይ የቀረው ጣት

ናጂብ «መድፍ ነው የናደው» አለ። ዳቦ ጋጋሪው ዘሩባቤል ደግሞ «የካባው ግድግዳ ሲናድ አንድም ጥይት አልተተኮሰም» አለ። ሁለቱም የማሉት አንድ የድንጋይ ክምር አጠገብ ቆመው ነው። ከክምሩ ሥር አየነው የተባለው ሰው ሬሳ አለ።

ከሀርጌሳው ጅግጅጋ ያር ሰፈር ወጣ ብሎ ያለው፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ የናጂብ ነው። ጦርነቱ ሀርጌሳን ለሁለት ከከፈለ ወዲህ ፖሊስም ዳኛም ስለሌለ፣ ሽማግሌዎቹ ሀይቤን አስጠሩት። ሀይቤ ድሬዳዋ አድጎ እዚህ በመርማሪነት ያረጀ ሰው ነው። የሟቹ ሚስት የሺሃረግ፣ ሀይቤ አማርኛ ሲናገር ስትሰማ እግሩ ላይ ልትወድቅ ቃጣት።

«ጋሼ፣ ገዳዩን ተዉት። እሱን ብቻ አውጡልኝ። ድንጋይ ተጭኖት አይቅር።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ናጂብ ነዋ! መድፉ ይደገማል ብሎ ማንም አይጠጋም አለ።»

«እኔ አወጣዋለሁ» አለ ዘሩባቤል። አካፋውን ከእጁ አልለየውም።

ሀይቤ ጥቂት ጄሶ ይዞ ከካባው በላይ ወዳለው አፋፍ ወጣ። ከማዶ ተኳሾች ስላሉ የመጨረሻዋን መንገድ በሆዱ ተሳበ።

አየነው የካባው ጠባቂ ነበር። አፋፉ ላይ ስንጥቅ ሲያይ ጄሶ ይለስንበታል። ጄሶው ከተሰበረ መሬቱ እየሄደ ነው፤ ማንም አይወርድም። ደህና ከሆነ ራሱ ቀድሞ ይወርዳል። ተኩሱ ከበረታ ወዲህ ግን ጄሶውን የሚያየው ከሩቅ ተኝቶ ነበር። ትናንት ጠዋትም እንደዚያው አየና ወረደ።

የጄሶው ትልቁ ጉማጅ አፋፉ ላይ ቀርቷል። ሀይቤ ጠርዙን በጥፍሩ ፈለቀቀው። ሁለት ድርብ ነው። የታችኛው ቀድሞ የተሰበረ ነው፣ ስብራቱ ውስጥ አቧራ ገብቷል። የላይኛው አዲስ ነው፤ ገና እርጥብ ሳለ በጣት መስቀል ተሠርቶበታል። ሀይቤ ያመጣውን ጄሶ ከኋላ ባለው ሌላ ስንጥቅ ላይ ለስኖ ወረደ።

«አፋፉ ላይ ትወጣለህ?» ሲል ናጂብን ጠየቀው።

«እየተኮሱ? አብደሃል እንዴ ሀይቤ! ከአየነውና ለምድጃው እንጨት ከሚለቅመው ከዘሩባቤል በቀር ማን ይደፍራል?»

«ጄሶው ቢሰበርስ ምን ልታደርግ ነበር?»

«ካባው ይዘጋል። ካባው ከተዘጋ ለዳቦ ቤቱም ለሠራተኛውም ዱቄት የለም ብያቸዋለሁ። ወላሂ፣ ዱቄቱን የምገዛው በድንጋዩ ገንዘብ ነው፤ ከየት ላምጣ?»

ሀይቤ ወደ የሺሃረግ ዞረ። «ባልሽ ጄሶው ላይ ያማትብ ነበር?»

«በጭራሽ! በጣት ከተጫረ በጫሩት በኩል ይሰበራል፣ ያታልለኛል ይላል። እንደ መስታወት ነው የሚያለሰልሰው።»

ከሰዓት በኋላ ሀይቤ እንደገና ወደ አፋፉ ተሳበ። ሲመለስ ሁሉንም ካባው አፍ ላይ ሰበሰባቸው። ለሽማግሌዎቹ በሶማሊኛ፣ ለሌሎቹ በአማርኛ እያለ ተናገረ።

«ናጂብ አልዋሸም። ከቤቱ ሆኖ የሰማው ጉምጉምታ መድፍ መሰለው፤ የዛሬ ጆሯችን ሌላ ድምፅ አያውቅም። ዘሩባቤልም አልዋሸም፤ መድፍ አልነበረም። ግድግዳው በራሱ ጊዜ ሲሄድ ነው የሰነበተው። ጄሶውም ተሰብሮ ተናግሮ ነበር። አንድ ሰው ስብራቱን በአዲስ ጄሶ ሸፈነው።»

«እሱ ነው!» አለ ዘሩባቤል ናጂብን እያሳየ።

«ናጂብ ጄሶ ቢለስን መስቀል ይሠራበታል? አየነው ደግሞ ጄሶውን በጣቱ አይጭርም። አፋፉ ላይ የሚወጣ ሌላ ሰው አንድ ነው። ያ ሰው በየቀኑ ሊጥ ያቦካል፣ ሲያቦካም ያማትባል። መስቀሉን ሆን ብለህ አልሠራህም ዘሩ። እርጥብና ነጭ ነገር ስታለሰልስ ጣትህ በልማዷ ሄደች።»

ዘሩባቤል ጣቶቹን ጨበጠ። «ዱቄቱ እንዳይቀር ብዬ ነው» አለ። «ግድግዳው ዱቄቱ እስኪመጣ፣ እስከ ቅዳሜ የሚቆም መስሎኝ ነበር።»

ናጂብ አንገቱን ደፋ። ዱቄት የለም ያለው እሱ ነበርና አልተቆጣም።

«ሌላም አለ» አለ ሀይቤ። «ጠዋት ከኋላ የለሰንኩት ጄሶ አሁን ለሁለት ተከፍሏል። የቀረው ግድግዳም ይመጣል።»

ዘሩባቤል አካፋውን አንስቶ ወደ ክምሩ ተራመደ። «ብቻዬን አወጣዋለሁ። ቢመጣ በእኔ ይምጣ።»

ከአውሮፕላን ማረፊያው በኩል አንድ ነገር ጉምጉም አለ። መድፍ ይሁን ድንጋይ ማንም አልለየውም። የሺሃረግ ተነሥታ መንገዱን ዘጋችበት።

«አስቀምጠው ዘሩ» አለች። «አየነው ሰው ድንጋይ እንዳይጫነው ሲጠብቅ ነው የሞተው። እዚያው ይቅር። አላስወጣውም።»