የጋሽ ዱባለ ፋጉሎ

ኪዳነወልድ ሰባተኛ ሰፈር ካለው የመኖ መጋዘን ውስጥ በፋጉሎ ከረጢቶች መሃል ተዘርግቶ የተገኘው አርብ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማጅራቱን የሚዛኑ ብረት መትቶታል። የሸሚዙ ኮሌታ ተጨምድዶ ሁለት አዝራር ተበጥሷል።

ሟቹ በከብት መኖ ውስጥ የተደበቀ የሻጋታ መርዝ የሚያጋልጥ መመርመሪያ ለመሥራት አራት ዓመት የለፋ ተመራማሪ ነበር። ጣት በምታክል ወረቀት ላይ ፀረ እንግዳ አካል ይቀባል፤ መኖው የተዘፈዘፈበት ውሃ ሲነካት ወረቀቷ መስመር ታወጣለች። አርብ ዕለት መጋዘኑን የሚጋሩትን የሁለት ነጋዴዎች፣ የጋሽ ዱባለንና የጀዋርን ፋጉሎ ሊመረምር መጥቶ ነበር።

ባልደረባው መቅደላዊት በፈጠራው ባለቤትነት ተጣልታው ስለነበር ጣቢያ ታስራለች። ማክሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። አለቆቹ ፋይሉን ለመዝጋት ቸኩለዋል፤ ኢንስፔክተር ሸዋርካብሽን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቷታል። የመጋዘኑ ጠረጴዛ ላይ ጀዋር ተብሎ የተጻፈባቸው ሁለት ወረቀቶች አንድ አንድ መስመር አውጥተው ተቀምጠዋል። የዱባለዎቹ የሉም።

«ጋሼ፣ ሲመረምር አይተውታል?»

«እኔ ምሳ በልቼ ስመለስ ነው ሬሳውን ያየሁት። ወረቀት ምናምን የምትዪውን በዓይኔም አላየሁት» አሉ ጋሽ ዱባለ።

ጀዋር በበኩሉ «ጁምዓ ነበርኩ» አለ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሸዋርካብሽ ሁለቱን ነጋዴዎችና መቅደላዊትን መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች። የመቅደላዊትን ካቴና ራሷ ፈታችላት።

«ከጋሽ ዱባለ ከረጢት ዘግነሽ መርምሪልን።»

አንድ መስመር ወጣ። ቆየት ብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ጋሽ ዱባለን ላብ አጠመቃቸውና ከረጢት ላይ ዘፍ አሉ።

«በቃ፣ አለቀልኝ።»

«ምኑ ነው ያለቀው፣ ጋሼ?»

«ሁለት ሆነ እኮ።»

«ሁለት መሆኑ ክፉ ነው ብሎ ማን ነገረዎት? በዓይኔም አላየሁት ብለውኝ ነበር።»

ሸዋርካብሽ ቀጠለች።

«ገዳዩ ጀዋር ቢሆን የራሱን ወረቀት ትቶ የእርስዎን አይወስድም። ለመቅደላዊት ያገለገለ ወረቀት ቆሻሻ ነው፤ አዲሱ በካርቶን አላት። የወሰደው ሁለት መስመር ያስደነገጠው ሰው ነው። ኮሌታውን አንቆ የጠየቀውም እሱ ነው።»

«ለኮሮና ሲመረምሩኝ ሁለት መስመር ካለ ይዞሃል ማለት ነው አሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «ሠላሳ ዓመት የገነባሁት ስም ነው። ውጤቱን ንገረኝ አልኩት። ‹ቆይ ጋሼ፣ አልጨረስኩም› አለኝ። ገፋሁት። ይሙት አላልኩም።»

መቅደላዊት ወረቀቷን አንስታ አሳየቻቸው። «ጋሼ፣ የእኛ ተቃራኒ ነው። መርዝ ካለ ፀረ እንግዳ አካሉን ይይዘውና ሁለተኛው መስመር አይወጣም። የእርስዎ ፋጉሎ ንጹህ ነው።»

ጀዋር ጠረጴዛው ላይ ባሉት የራሱ ወረቀቶች ላይ አፈጠጠ። «የኔ አንድ ነው እኮ። አርብ ጠዋት ናሙናውን ሰጥቼ ፋጉሎውን ጭኜ ልኬዋለሁ።»

ሸዋርካብሽ መቅደላዊት የአንዱን መስመር ትርጉም ከነገረቻት ከቅዳሜ ጀምሮ ይህን ታውቃለች። ሾፌሩንም አግኝታዋለች፤ ፋጉሎው ግን በየመንገዱ ላም ላላቸው ሁሉ ተቸርችሮ አልቋል። ላሞቹ በልተዋል፤ ወተቱም ተጠጥቷል። ለማን ብላ ትደውል? እጇን አጣምራ መቆሟ አንገበገባት።

ጋሽ ዱባለ ግን ሌላውን የሰሙ አይመስሉም።

«ንጹህ ከሆነ ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ሦስት ጊዜ ሳይደግም ውጤት አይናገርም ነበር» አለች መቅደላዊት። «አንድ ዙር ነበር የቀረው።»