ጤነኛው ጥርስ

«አልከፍትም» አለች ልጅቷ፣ ለመናገር ያህል ብቻ ከንፈሯን ገርበብ አድርጋ።

እናቷ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ በዓይኗ ተቆጣቻት። ይህ ሁለተኛው የጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ሐኪም የታመመውን ጥርስ ትቶ ጤነኛውን ነቅሎባታል። የትኛው እንደሆነ የጠየቀው እናቷን እንጂ እሷን አልነበረም። እናቷም ፊት ለፊቷ ቆማ የገዛ ጉንጯን አሳየችው፤ በእናቷ ቀኝ ያለው ለእሷ ግራ መሆኑን ማንም አላሰበም። አፏ ደንዝዞ «እሱ አይደለም» ለማለት ስትታገል፣ «ጎበዝ፣ አትንቀሳቀሺ» አላት። የታመመው እንደታመመ ነው፤ ማኘክ አቅቷታል።

«ዶክተር፣ ልጅ ናት፤ ዝም ብለው ይሥሩላት» አለች እናቷ።

«እህቴ፣ መጀመሪያ እሷን ልስማት።»

ሐኪሟ ዓይን የሚወጋውን መብራት አጠፋች፤ በርጩማዋን ስባም ከልጅቷ ትይዩ ተቀመጠች። ልጅቷ ሁሉንም ዘረገፈችው። ስትናገር ንዴቷ ባሰ እንጂ አልበረደላትም።

«ይቅርታ እንኳ አላለኝም። ‹እሱም ውሎ አድሮ መበላሸቱ አይቀርም› ብሎ ጓንቱን አወለቀ። ጭራሽ ውለታ እንደዋለልኝ ሊፎግረኝ ሞከረ!»

ልጅቷ ሐኪም ለሐኪም ገበና ይሸፋፈናል ብላ ስለምታምን የተለመደውን ማስተባበያ ጠበቀች። ሐኪሟ ግን ካርዱን አንሥታ ጤነኛ ጥርስ በስህተት መነቀሉን ጻፈችና እንድታነበው አዞረችላት።

«ብትናደጂ እውነትሽን ነው። ሊጠይቅ የሚገባው አንቺን ነበር።»

«እኔም አላስጣልኳትም» አለች እናቷ፣ ወለሉን እያየች። ልጅቷ እናቷ እንዲህ ስትል ሰምታ አታውቅም።

ከዚያ ሐኪሟ አንድ ነገር ቃል ገባችላት፤ ልጅቷ እጇን ካነሳች ወዲያው ሥራዋን ታቆማለች፣ ለምን ብላም አትጠይቅም።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። የሐኪሟ ትንሿ መስታወት ከንፈሯን ሳትነካ እጇን አነሳች። ምንም አላመማትም፤ ልትፈትናት ፈልጋ ነው። እናቷ «ኧረ አንቺ ልጅ!» ልትል ቃጣትና ተወችው። ሐኪሟ እጇን ሰብስባ ቁጭ አለች። ውጪ ባለተራዎች ያጉረመርማሉ፤ እሷ አንዴም ወደ በሩ አላየችም።

ልጅቷ እጇን አወረደች። የታመመውን ጥርስ በራሷ ጣት ነካችና «ይሄ ነው» ብላ አፏን በሰፊው ከፈተች።