በዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ የተሰበረው ዝምታ

አንድ ማኅፀን ያወጣቸው፣ አንድ አልጋ ላይ ተቃቅፈው ያደጉ ሁለት እህትማማቾች በአንዲት መንደር እየኖሩ ሳይነጋገሩ ሊያረጁ ይችላሉ? ይችላሉ ልጆቼ! ሜልባና ታላቋ ዩዶራ እንዲያ ሆነው አረጁ። ባርቤዶስ ላይ የድሃ ቤት የእንጨት ነው፤ መሬቱ የሸንኮራ እርሻው ጌታ ነዋ! ቤቱ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ተነሱ ሲባል ሳንቃው ተፈትቶ በመኪና ይጫናል። ሜልባ ገና ወጣት እናት ሳለች ገና አፍ የፈታች ልጇ ሳንባዋን ታማባት ሆስፒታል ሰነበቱ። ሕፃኗን ታቅፋ በዝናብ ስትመለስ የምትኖርበት የእናታቸው ቤት የለም! ባዶ ድንጋይ ብቻ! «እህትሽ ነቅላ ወደ ባሏ መሬት ጫነችው» አሏት ጎረቤቶች። ያን ቀን ዝናብ የመታት ሕፃን ሳምንት አልቆየችም… ሜልባ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆማ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም!» አለች። ከዚያ ወዲያ ዩዶራ አፏን በከፈተች ቁጥር ጀርባዋን ሰጥታት ትሄዳለች።

ዘመን ነጎደ። የሜልባ ባል ሞተ፣ ጉልበቷም ከዳት፣ ሌላ ልጅም ሳይሰጣት ቀረ። ግድግዳ ስታይ ውላ ግድግዳ ስታይ ታመሻለች። የአረጋውያንን ቤት እየዞረች የምታጥብና የምታበስል፣ ደም ግፊታቸውን የምትለካ ሚስ ሆልደር የምትባል የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። እሷ ናት ጨቅጭቃ ጨቅጭቃ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ወዳለው የአረጋውያን ክበብ ያመጣቻት። ኧረ ምን ያለ ክበብ! ትኩስ የበቆሎ ገንፎ በባሚያ፣ ላዩ ላይ በራሪ የሚሉት የባሕር ዓሣ፣ መዝሙሩ፣ ሐሜቱ… ከሁሉም በላይ ግን ዶሚኖው! ሁለት ሁለት ሆነው እየተፋጠጡ ጠረጴዛውን ጧ! ሲያደርጉት መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የሜልባ ነፍስ ተመለሰች። ዩዶራም እዚያው ነበረች፤ ሌላው ጥግ ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ጓደኛ የሌላቸው ተጫዋቾች ከኮፍያ ዕጣ ሲያወጡ ሜልባ ብጣሽ ወረቀቷን ገለጠች። ዩዶራ! አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት።

«ከእሷ ጋርማ ከምጫወት እጄ ይቆረጥ!»

ሚስ ሆልደር ወገቧን ይዛ፣ «እማማ ሜልባ፣ በዶሚኖ ሕግ ጓደኛን ማናገር ክልክል አይደል? የተናገረ ይሸነፋል። ታዲያ ለኩርፊያዎ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ ከየት ላምጣልዎት?» አለቻት።

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ወደቁ። ሜልባም ለእልሁ ተቀመጠች። ተቀመጠችና ምን ሆነ መሰላችሁ? አንዷ ያሰበችውን ሌላዋ ታውቀዋለች! አንዷ በር ስትከፍት ሌላዋ ትገባለች። የረገጡትን ክበብ ሁሉ አሸነፉ። ሜልባ የጨዋታው ቀን እስኪደርስ እንቅልፍ ያጣች ጀመር፤ «ለዶሚኖው ነው» እያለች ራሷን ትሸነግላለች። የዩዶራስ ነገር! እህቷ አንድ ጊዜ ፊት ለፊቷ የተቀመጠችላት፣ መናገር በሕግ በተከለከለበት ጠረጴዛ ላይ! ከዚህ የከፋ ቅጣት አለ?

የዋንጫው ቀን ደረሰ። አውቶቡሱ ድስት በሚደበድቡ አዛውንት ተሞልቶ ገባ። ተጋጣሚያቸው የደቡቡ ክበብ ነው፤ ቦርጫሙ ጡረተኛ ሾፌር ክሎቪስ ወንበሩን ሞልቶታል።

«እናንተ ናችሁ አሉ ሁለቱ ዱዳዎች?» አለ እየሳቀ።

«አፋችን ዝም ቢል እጃችን ይሰድብሃል!» አለች ሜልባ። «ቦርጭህን ሰብስብ፣ ጠረጴዛው ተገፋ!»

አዳራሹ አበደ! ጧ! ጧ! አንዱን እነሱ፣ አንዱን እነክሎቪስ እየወሰዱ እኩል ለእኩል መጡ። የመጨረሻው ዙር ላይ በሜልባ እጅ አንዲት የዶሚኖ ጠጠር ቀረች። ዩዶራ መንገዱን ከከፈተችላት ዋንጫው የነሱ ነው! ሰው ሁሉ ቆመ። ዩዶራ ጠጠሯን አነሳች… እጇ አየር ላይ ቀረ። ሁሉም ጠጠሩን ያያል። ሜልባ ግን የእህቷን ፊት አየች። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ግራ እጇ ደረቷን ጨምድዷል። ከልብ ድካሟ ጋር ለብቻዋ እንደኖረች ማን አወቀላት? ትናገር? ብትናገር የክበቡ ሁሉ ድካም ገደል ገባ፤ የልጇም መቃብር ላይ የማለችው መሐላ ፈረሰ። ዝም ብትልስ…

«እትዬ!!»

«ተናገረች! ጨዋታው አበቃ!» አለ ዳኛው። ሜልባ የሰማችውም የለ፤ ያ የከዳት ጉልበቷ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ጠረጴዛውን ዞራ እህቷን ሳትወድቅ ቀለበቻት። ሚስ ሆልደር ወደ አምቡላንስ ደወለች።

«ምን… አልሽኝ?» አለች ዩዶራ።

«እትዬ አልኩሽ።»

«አንቺ ሞኝ! ልናሸንፍ ነበር እኮ!» ዩዶራ ሳቀች፤ እንባዋ ግን በጆሮዋ ላይ ፈሰሰ። «የመሬቱ ጌታ ያን ቀን ጠዋት መጥቶ፣ እስከ ምሽት ካልተነሳ ቤቱን አቃጥለዋለሁ አለ። ላድንልሽ ብዬ ነው የነቀልኩት… ሆስፒታል መጥቼ ልነግርሽ ስል መኪናው ዳገቱ ላይ ተሰበረ። ስደርስ ወጥታችኋል… በእናታችን አፈር…»

«እትዬ፣ አትድከሚብኝ፤ ዝም በይ።»

«ከዚህ… በላይ?»

የመጨረሻ ቃሏ ይህ ሆነ። በእህቷ ደረት ላይ ዓይኗን ከደነች። ክሎቪስ ኮፍያውን አውልቆ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሜልባ ግን አላለቀሰችም፤ ታወራ ጀመር! ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ባሏ ሞት፣ ባለፈው ጨዋታ ዩዶራ እንዴት እንደረታች… እያወጋች ፀጉሯን ትዳብሳለች። አይ ዕጣ! መኪናው ዳገት ላይ መሰበሩስ የዕጣ ሥራ ነው እንበል። አንድ ቃል ለመስማት ጆሮ መንፈጉ ግን የእኛ የሰዎች ነው።

አምቡላንሱ ሲደርስ ሚስ ሆልደር ጎንበስ ብላ፣ «እማማ… አልፈዋል እኮ» አለቻት።

«አውቃለሁ ልጄ» አለች ሜልባ ቀና ሳትል። «ትንሽ ይቆዩልኝ። ልጄ አፍ ስትፈታ ያለችውን ገና አልነገርኳትም።»