አሥራ አንድ ስም በገደል ላይ

ደራሽ ውሃው በቅሎዋን ከነጭነቷ ጠርጎ ወሰዳት። ተማሪዋ መምህሯን ብብታቸው ሥር ይዛ ከጎርፉ ጎትታ ስታወጣቸው ግራ እግራቸው ተሰብሮ ነበር።

የሦስተኛ ዓመት የአርኪዮሎጂ ተማሪ ናት። የጥንት ጽሑፍ የምታውቀው በቤተ መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ከገደሉ አናት ባለው ዋሻ ግን ማንም ገልብጦት የማያውቅ የድንጋይ ላይ ጽሑፍ አለ፤ ቅርስ ሻጮችም ወሬውን ሰምተው ተነሥተዋል። መምህሩ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ከመንገድ መሪው ጋር እንድትቀጥል አዘዟት። በቅሎ ነጂውን አጠገባቸው ትታ አቀበቱን ተያያዘችው።

ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ አዛውንቱ መንገድ መሪ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከበላያቸው ካለው ቋጥኝ ላይ ነብር ተጋድሞ ቁልቁል ያያቸዋል።

«አትሩጪ ልጄ። ጀርባሽንም አትስጪው።»

ዓይኗን ሳትነቅል፣ በጎን በጎን እየተራመደች አለፈች። ነብሩ ጅራቱን ብቻ ወዝወዝ አደረገ።

ዋሻው አፍ ላይ የብረት ድምፅ ተቀበላቸው። ሁለት ሰዎች ጽሑፉ ያለበትን ድንጋይ በዲጅኖ እየፈነቀሉ ነው። አንደኛው ዲጅኖውን አነሣባት። እሷ ግን የምታየው ጣሪያውን ነበር፤ ስንጥቁ ከድንጋዩ ራስ ተነሥቶ እስከ መግቢያው ተዘርግቷል።

«ጣሪያውን የተሸከመው ይሄ ድንጋይ ነው» አለች። «ከነቀላችሁት እዚሁ ትቀበራላችሁ።»

ሰውዬው ሳቀና ዲጅኖውን ድንጋዩ ሥር አንዴ ደግሞ ሰነቀረው። ጣሪያው ቃተተ፤ አፈርና ጠጠር ትከሻቸው ላይ ዘነበ። ዲጅኖውን ጥለው እየተጋፉ ወጡና ቁልቁል እግሬ አውጪኝ አሉ።

ልትገባ ስትል መንገድ መሪው ክንዷን ያዙ። ነፍስሽን ለድንጋይ ልትሰጪ ነው ወይ ብለው ተቆጧት።

«አሁን ካልገለበጥኩት ነገ አይኖርም፣ ጋሼ።»

ገባች። ከጀርባ ቦርሳዋ ያወጣችውን ወረቀት በጽሑፉ ላይ እየዘረጋች፣ የፊደሉ ቅርጽ እንዲወጣ በከሰል ፈተገች። አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ የጭንቅላት ያህል ድንጋይ ከጆሮዋ አጠገብ ወደቀ። የመጨረሻውን መስመር ሳትፈትግ አልተነሣችም። አመድ መስላ እንደወጣች ዋሻው ከኋላዋ ተደረመሰ።

ሲመለሱ መምህሩ ወረቀቶቹን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። አልሰጠቻቸውም። ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ራሷ ጮክ ብላ አነበበችው። ንጉሥም ጦርነትም የለበትም። የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ አፈር ተንዶባቸው የሞቱ የአሥራ አንድ ሰዎች ስም ነው።

ከዚያ መንገድ መሪው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እስቲ ድገሚው፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ።»