የተመለሰው በርኖስ

ሰርካለም ዳኜን ያወቀችው ጎማ በፈነዳበት ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ የሚወጣው ሚኒባስ ጉም ውስጥ ቆሟል። ተሳፋሪው ወርዶ፣ አንድ ቀጭን ወጣት ከብቦ ያማርራል። አንዷ የጤና ጣቢያው መድኃኒት አለቀ ትላለች፤ ሌላው የመስኖው ቦይ ተደፈነ ይላል። ወጣቱ የወረዳው ምክር ቤት ተመራጭ ነበር። በስስ ጃኬት ብርዱ እየገረፈው ሁሉንም ይሰማል።

«ወንድም፣» አለችው ሳቋን መያዝ አቅቷት፣ «ጎማውንም አንተን ነው እንዴ የሚጠይቁህ?»

«እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። አንቺ ጀመርሽ።»

በእጇ ገበያ ወጥቶ ሳይሸጥ የቀረ ጥቁር በርኖስ ነበር፤ የበጉን ጠጉር እሷ ፈትላ፣ ታናሽ ወንድሟ በዕውቀቱ የሸመነው። ዘርግታ ትከሻው ላይ ጣለችለት።

«ዋጋውን ንገሪኛ።»

«መጀመሪያ ይሙቅህ።»

ዋጋውን ሳትነግረው ቀረች። በየገበያው ቀን ያንኑ በርኖስ ለብሶ ሲያልፍ ታየዋለች፤ ሲያያትም ንግግሩን ያቋርጣል። ቆይቶ ከትንሣኤ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገባላት።

የሰርካለም ቤት ግን ደም ነበረበት። ታላቅ ወንድሟ በድንበር ጠብ የጎረቤታቸውን የወይዘሮ ጥሩሸዋን ልጅ ገድሎ ወህኒ ወርዷል። ሕግ ፈርዶ ቢጨርስም የሟች ወገን አልጨረሰም፤ ተራው የበዕውቀቱ ነበር። በዕውቀቱ ከሽመና ጉድጓዱ ወደ መደቡ፣ ከመደቡ ወደ ጉድጓዱ እንጂ ከደጃፍ አያልፍም።

አስታራቂ በተጠራ ቁጥር ወይዘሮ ጥሩሸዋ ይመልሱ ነበር። «ይሄ አበልጃቸው ነው፤ ያኛው እነሱ ቤት በልቷል።» በዐቢይ ጾም አጋማሽ ግን፣ «ዳኜ ይቀመጥ፣» አሉ። «የወንዙን ድልድይ ለእኛም ለእነሱም እኩል ነው ያሠራው። እሱ ካለ የልጄን ደም ለእግዚአብሔር እሰጣለሁ።»

መልእክቱን ለዳኜ ያደረሱት የደብሩ ቄስ አባ ወልደ ጻድቅ ደንቡንም አብረው ነገሩት። በደም ዕርቅ የሚቀመጥ ሰው በመስቀል ይምላል፤ ከሁለቱም ቤት ላያገባ፣ አበልጅ ላይሆን፣ የተቀበለው ስጦታ ካለም ሊመልስ። ዕድሜውን ሙሉ ለሁለቱም ባዕድ ሆኖ ይኖራል። መሐላው ከፈረሰ ዕርቁም ይፈርሳል።

ዳኜና ሰርካለም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተገናኙ።

«እምቢ እላቸዋለሁ፣» አለ ዳኜ።

«ምን ብለህ?»

«የማገባት አለች ብዬ።»

«ከዚያስ?»

ነፋሱ የበርኖሱን ጫፍ እያነሣ ይጥላል።

«ከዚህ እንሂድ፣ ሰርኬ። ደብረ ብርሃን ሥራ አላጣም።»

«እዚያ ሆኜ የበዕውቀቱን መርዶ በስልክ ልስማ?»

«ሌላ ሰው ይፈልጉ!»

«ሌላ ሰው የለም። ታውቃለህ።» የበርኖሱን ጫፍ በጣቶቿ ያዘች። «የወደድኩህ ያን ቀን በብርድ ቆመህ ስታዳምጣቸው ነው። አሁን አልሰማም ብትል እኔ ማንን አገባለሁ?»

«ጨካኝ ነሽ።»

«ነኝ። ማል።»

ጫፉን ለቀቀችው።

ሽማግሌ ሊልክ ባሰበበት ሰሞን ዕርቁ ሆነ። በዕውቀቱ ድንጋይ ተሸክሞ ከወይዘሮ ጥሩሸዋ እግር ሥር ወደቀ። ሴትዮዋ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከጫንቃው አወረዱለት። ዳኜ መስቀሉን ጨብጦ ማለ፤ ወደ ሴቶቹ አላየም። እልልታው ሲቀልጥ ሰርካለምም እልል አለች። በዚያ ቀን እልል ያላለች እህት ትታወቃለችና።

በማግስቱ አባ ወልደ ጻድቅ በርኖሱን አጥፈው ይዘው መጡ።

«ዳኜ የዚህ ቤት ነው ብሎ መልሶታል። ማን እንደሰጠው አልጠየቅሁም፣» አሉና፣ ሰርካለምን አይተው ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

በገበያው ቀን በዕውቀቱ ገና በጠዋት ተነሣ። ውጭው ጉም ነው። በርኖሱን ከመደቡ ላይ አንሥቶ አገላበጠው።

«የእኔ ሽመና ነው እኮ! ለማን ነበር?»

«ከቤት ለሚወጣ ሰው።»

«እንግዲያማ የእኔ ነው፣» ብሎ ሳቀ። ሳቁን ረስታው ነበር።

ለብሶት ወጣ። ሰርካለም ደጃፉ ላይ ቆማ ከጀርባው አየችው። በርኖሱ የሌላ ሰው ትከሻ ለምዶ፣ በእሱ ላይ ጥቂት ሰፍቶ ነበር። እየራቀ ሲሄድ ወንድሟ መሆኑ ቀረ፤ በርኖስ የለበሰ አንድ ሰው ሆነ።

ጉሙ እስኪውጠው ድረስ አልተጣራችም።